ግማሽ ማኅተም

የዕቃው ዓይነት፣ ይላል የፈጣን መልእክቱ ቅጽ። ከሥሩ ደግሞ የዕቃው ዋጋ ይላል፤ ዜሮ ብሎ ሲሞላው ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይልና ዜሮ አይቻልም ይለዋል። ልዑልቃል አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋልሎ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ፣ ይህንኑ ቅጽ ሲሞላና ሲሰርዝ ይሄ አራተኛው ነው። ከዳቦ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የገባው ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። መጋረጃውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ነው የተጋደመው፤ የዴንማርክ የሰኔ ፀሐይ ግን መጋረጃ አያግዳትም፣ በጠርዙ ሾልካ ገብታ ግድግዳው ላይ ተዘርግታለች። እንቅልፍ የለም። ዋጋው ስንት ነው ታዲያ? ከጎኑ፣ ትራሱ ላይ፣ አልበሙ ተዘርግቷል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለብቻዋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሐምራዊ ቴምብር አለች። አንበሳ አለባት፤ በአንበሳው ጀርባ ላይ ግማሽ ክብ ጥቁር ማኅተምና የአንድ ፊርማ ጭራ አልፎባታል። የማኅተሙ ሌላ ግማሽ ያለው ቂርቆስ ነው፣ እናቱ ቤት፣ አልጋ ሥር ባለች የቆዳ ቦርሳ ውስጥ፣ በቤቱ ውል ላይ። እዚያ ማኅተሙ ግማሽ ክብ ሆኖ ይመጣና አንዲት ነጭ አራት ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያቺን ነጭ አራት ማዕዘን የፈጠራት እሱ ነው፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ፤ ይህን ደግሞ ከእሱና ከእግዜር ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ወይም የለም ብሎ ነው የኖረው።

ትናንት ሩሐማ ደውላ ነበር። ታናሽ እኅቱ ናት። ከእናታቸው ከወይዘሮ ጀማነሽ ጋር የቀረችው እሷ ናት፤ ለመድኃኒቱም፣ ለወረፋውም፣ ለወረቀቱም የምትሮጠው እሷ። እሱ ይደውላል፣ እንዴት ናችሁ ይላል፣ ደህና ነን ይባላል፣ በቃ። ካዛንቺስ እንደሆነ ካለቀለት ቆይቷል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያቆራርጣቸው ቅያሶች፣ ጫማ የሚያሰፋባት ጥግ፣ ሁሉም ሜዳ ሆኖ መንገድ ወጥቶበታል። አሁን መንገድ ለኪዎቹ ወደ ቂርቆስ ተሻግረው፣ ይፈርሳል ለማለት የእናቱ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል። ሰነዱ የተሟላለት ሰው ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ ያልተሟላለት ስሙን አስመዝግቦ ይጠብቃል፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ሩሐማ ውሉን ይዛ ወደ ወረዳው ሄደች። ሰነድ የሚያጣራው ሰውዬ ወረቀቱን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አየው፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ ማኅተሙ እኮ ግማሽ ነው እህቴ አላት። ቴምብሩ ተነስቷል፣ ይሄ የተነካካ ውል ነው፣ በዚህ ልወስን አልችልም። እስከ ዓርብ ቴምብሩን ካገኛችሁ፣ እጁ የተገኘበትም ሰው እንዴት እንዳገኘው ጽፎና ፈርሞ ከሰጠ፣ ግማሹን ከግማሹ አገናኝተን እናያለን። ደግ ሰው ነው፣ አለች ሩሐማ፣ ማለቴ ሌላው ቢሆን ፎርጅድ ነው ብሎ ይከሰን ነበር። አለህ? አለችው። አለሁ፣ አለ። እማዬ እኮ አንድ ነገር አስባለች፣ ነገ በጧት፣ ስትል ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ነው ብሎ ነበር ለራሱ፤ አሁን ተጋድሞ ሲያስበው የቆረጠው የራሱ ጣት ነው።

እናቱ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ እንቢ ካለ ቆየ። ሁለት ልጅ የወለደችበት ቤት ነው፣ ባሏን ከዚያ ሳሎን አውጥታ ነው የቀበረችው፤ በዚህ ዕድሜዋ ስሟን አስመዝግባ የሰው ግቢ ትዙር? ሩሐማ ይዛት ትዙር? ዓርብ ዓርብ ዓርብ ይላል ጭንቅላቱ። ዛሬ ሰኞ ነው። በፈጣን መልእክት ከተላከ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እታች ካለው ሱፐርማርኬት ከደረሰ ማለት ነው፤ በዚህ አገር እንደ ድሮው ደብዳቤ የሚያድል ፖስታ ቤት ቀርቷል፣ ቀያዮቹ የፖስታ ሳጥኖች እንኳ ከመንገድ ዳር ተነቅለዋል፣ ሰው መልእክቱን የሚልከው ወተትና እንቁላል ከሚሸጥበት መደርደሪያ አጠገብ ነው። ጋሼ ሃድጉ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር። ጋሼ ሃድጉ የሚለው ስም በጭንቅላቱ ሲያልፍ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ስሙ ሲመጣ ይጨፍናል፣ ስሙ ደግሞ ዓይን ተጨፈነ ብሎ የሚመለስ አልሆነም።

እና ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ነው፣ ክረምት ነው፣ ጋሼ ሃድጉ ግቢው ውስጥ ባለችው የሰርቪስ ክፍል በር ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል። ተከራያቸው ናቸው፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ፤ ከመቀሌ በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ አሥራ ሁለት የቴምብር አልበም ብቻ ያላቸው ሰው ናቸው። አባቱ የሞተ ዓመት ልዑልቃልን ከዚያች በር ላይ የሚያነሳው አልነበረም። ቴምብር በጣት አይያዝም ልጄ፣ ይሉታል፣ ወረንጦ የተሠራው ለምንድን ነው። ከፖስታው ላይ አይቀደድም፣ እርጥብ ጥጥ ይደረግበትና ሙጫው በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ይጠበቃል፤ የቸኮለ ሰው ቆሎ ይብላ እንጂ ቴምብር አይሰብስብ። ማኅተም ያላረፈበት ቴምብር ገና መንገደኛ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ግን ሥራውን ጨርሷል፣ እሱን ማንሳት ነውር የለውም። ይህችን የመጨረሻዋን ልዑልቃል በደንብ ይዟታል። ደግሞ ታሪክ ይነግሩታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን የምኒልክ መልክ ታትሞባቸው ከፓሪስ እንደመጡ፣ ነገር ግን አገራችን የዓለም ፖስታ ማኅበር እስክትገባ ድረስ ከጅቡቲ ወዲያ ዋጋ እንዳልነበራቸው፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የእኛም የፈረንሣይም እየተለጠፈበት በሁለት አገር ቴምብር ይሄድ እንደነበር። ያን ጊዜ በጣም አስቆት ነበር። አሁን አያስቀውም። የመኖሪያ ፈቃዱ እድሳት ላይ ነው፣ አሥረኛ ወሩ፤ ውሳኔው ሳይመጣ ከዚህ አገር ከወጣ ተመልሶ ለመግባቱ ዋስ የሚሆነው የለም፤ ባይሆን ኖሮ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቴምብሯን በእጁ ያደርሳት ነበር ይላል ለራሱ። ይላል እንጂ እሱስ ያደርገው ነበር? በእጁ ይዞ እናቱ ፊት ይቆም ነበር? ወረቀቱ ባያግደው ሌላ የሚያግደው ነገር ይፈልግ ነበር፣ ራሱን ያውቀዋል።

እናቱ ውሉን ይዛ ወደ ሰርቪሷ ስትሄድ ያያታል፣ አሁንም ያያታል፣ ጥቁር ለብሳለች። የአባቱን የውርስ ጉዳይ ለማስፈጸም የድሮውን የውል አማርኛ እንዲያስረዷት ነው። ጋሼ ሃድጉ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው አስረዷት፣ አጥፈው በሁለት እጃቸው መለሱላት፣ ከዚያ እሷ ዞር ስትል ለልዑልቃል ብቻ፣ አየኸው ያን ሐምራዊ፣ እንደሱ ያለ እኔም የለኝ፣ አሉት። ምነው ያንን ባይሉ ኖሮ። አዲስ ዓመት ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ልጁ አበባ ሥሎ ለማንም መስጠት ሰልችቶታል፤ ለጋሼ ሃድጉ አሥራ ሁለት አልበም ውስጥ የሌለ ነገር ሊሰጥ ነው። እናቱ ማኅበር የሄደችበት ቀን ቦርሳዋን ከአልጋ ሥር ይጎትታል፣ ውሉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ጥጡን ያርሳል፣ ይጠብቃል፣ አይቸኩልም፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጁን ጭኑ መሐል ቀብሮ ይጠብቃል። ማኅተም አርፎባታል፣ ስለዚህ ሥራዋን ጨርሳለች። በወረንጦ ጠርዟን ሲነካት ሙጫው እንደ ቅቤ ለቀቀ። አንድም ጥርስ አልጎደለባትም። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም። ቅጠላ ቅጠሉን መጽሐፍ ውስጥ እንደሚያደርቁት በሳይንስ መጽሐፉ መሐል አስተኛትና ውሉን አድርቆ፣ አጥፎ፣ ቦታው መለሰው።

አዲስ ዓመት ሳይደርስ እናቱ ደረሰችበት። ግብር ልትከፍል ሄዳ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት እትዬ ይሄ ምን ሆነ ብላታለች። ግቢው ውስጥ ስትገባ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻል ነበር። በቀጥታ ወደ ሰርቪሷ ሄዳ፣ አቶ ሃድጉ፣ አባት የሌላቸውን ልጆች ቤት ነው የነቀሉት፣ አለች። ጋሼ ሃድጉ ብድግ አሉ። መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር፤ ወረቀቱን ዘርግታ ስታሳያቸው ጣታቸውን በነጯ አራት ማዕዘን ጠርዝ ላይ በቀስታ አስኬዱት፣ የቀረ ሙጫ የለም፣ የተቀደደ ጭረት የለም፣ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ ቀና ብለው ልዑልቃልን አዩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት። ልጁ የሳሎኑን በር መቃን ይዞ ቆሟል፣ ሽንቱ ሊያመልጠው ነው፣ አፉን ከፍቷል፤ ተናገር ተናገር ይላል የዛሬው ልዑልቃል ከአልጋው ላይ፣ ልጁ አይናገርም። ወይዘሮ ጀማነሽ፣ አሉ ጋሼ ሃድጉ፣ ውል አልነካም፣ የምለው ይሄንኑ ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሦስተኛው ቀን አልበሞቻቸውን በጋሪ አስጭነው ወደ ቄራ ሄዱ። ሰፈሩ ሁሉ ሌባው ፖስተኛ አላቸው። እናቱ ቂርቆስ በነገሠ ቁጥር ወንዶች በኩል ቆመው ታያቸዋለች፣ ነጠላዋን ትስባለች፣ ፊቷን ታዞራለች፤ ልጇም ከጎኗ ሆኖ ጣሪያውን ያያል።

ነገ እነግራታለሁ አለ በአሥራ አንድ ዓመቱ። ማትሪክ ሲያልፍ እነግራታለሁ አለ። ለትምህርት ወደዚህ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ሲስማት እነግራታለሁ ብሎ አንገቷ ሥር አፉን ከፈተና ደህና ሁኚ አለ። ነገሩ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ፤ ቴምብሯን ሲነቅል ልጅ ነበረ፣ ዝም ሲል ግን ልጅ ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ አድጎም ዝም አለ፣ ጢም አብቅሎም ዝም አለ። ሊያቃጥላት ሁለት ጊዜ ክብሪት ለኩሷል። አልሆነለትም። ሌላ አልበም ገዛ፣ የዚህን አገር ንግሥት፣ የዚህን አገር መርከብ፣ የዚህን አገር ወፍ ሞላበት፣ ሰው ሲጠይቀው ቴምብር እሰበስባለሁ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚሰበስበው ያቺን አንዷን ለመሸፈን ነው።

ዛሬ ጧት ከፈረቃው ሲመለስ፣ ዱቄቱ ገና ቅንድቡ ላይ እያለ፣ አውቶቡስ ውስጥ የጻፈው ነገር አለ። ስልኩ ላይ ነው፣ አንብቦታል፣ ጥሩ ተጽፏል። እኔ ልዑልቃል ይህን ቴምብር ከአንድ የቴምብር ነጋዴ በግዢ አገኘሁት፣ ማኅተሙን ሳየው የቤታችን መሆኑን አወቅኩ። እናቱ ይህን ስትሰማ የምትለውን ያውቃል፤ አየህ፣ ያ ሰውዬ ለፈረንጅ ሸጦት ነው፣ የቂርቆስ አምላክ ባሕር አሻግሮ አሳየህ ትላለች። ቤቱ ይተርፋል። እሱ ቤቱን ያዳነ ልጅ ይሆናል፤ ሰፈር ይመርቀዋል። ጋሼ ሃድጉ ደግሞ የሰረቁ ብቻ ሳይሆን የሸጡም ይሆናሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ምን ቀራቸው፣ ሲል ራሱን ሰማው። ፍርሃቱ ከዚህ በኋላ መልኩን ለወጠ። ከእናቱ ሳይሆን ከራሱ ነው የፈራው፣ ያን ያሰበው ጭንቅላት ከእሱ ጋር አንድ ትራስ ላይ ስለሚተኛ። ለቅጹ ዋጋ አንድ ብሎ ሞላ። አንዱን ተቀበለው። ላክ የሚለውን ሊነካ ሲል ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

የሩሐማ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የእናቱ ነው። ዛሬ አሥራ አምስት፣ ቂርቆስ አይደለም እንዴ፣ ተሳልሜ ወጣሁ፣ አለችው፣ የት እንዳለሁ ብነግርህ አታምነኝም። ቄራ ነኝ። አቶ ሃድጉ ቤት። ልዑልቃል ተነስቶ ተቀመጠ። ሦስት ቦታ አረፍ እያለች፣ ሩሐማን ተደግፋ፣ ከሉካንዳዎቹ ጀርባ ያሉባትን አንዲት ክፍል ጠይቃ ማግኘቷን ነገረችው። አርጅተዋል አለች፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ የወንድማቸው ልጅ ናት የምታበላቸው። ገብቼ ቁጭ ብዬ፣ አቶ ሃድጉ፣ ሁለታችንም ወደ መቃብር ነን፣ ቴምብሩን ይስጡኝና በቂርቆስ ስም ይቅር ልበልዎት አልኳቸው። ቃሉን ለመጨረስ አየር ሳበች።

«አመኑልኝ ልጄ። ሠላሳ ዓመት የካዱትን ዛሬ አመኑልኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት አሉ። ቴምብሩ ግን የለም፤ ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ አልበሙን ሁሉ ወስዶባቸዋል። በቃ፣ ቤቱም ይቅር። እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ቀለል ብሎኛል።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ መሰለው። አለቀ። ሠላሳ ዓመት የፈራው ነገር እንዲህ በአንድ ሽማግሌ ቃል አለቀ፤ ከእሱ የሚጠበቀው እሰይ ማለት ብቻ ነው። እሰይ ካለ ማንም፣ መቼም፣ አያውቅም። እሰይ ካለ ዓርብ ይመጣል፣ ቴምብሩ ጎርፍ ወስዶታል ይባላል፣ እናቱ ቀለል ብሏት ከቤቷ ትወጣለች። ሊያወሩህ ይፈልጋሉ፣ አለች እናቱ፣ ጆሯቸው ስለደከመ ሩሐማ ድምፁን ለቃዋለች፣ ጮክ ብለህ አውራቸው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ መጣ። ልዑል፣ አሉት። አቤት ጋሼ። ደህና ነህ ወይ፣ ያ አገር ብርድ ነው ይሉኛል። ደህና ነኝ ጋሼ። ከዚያ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ስልኩ ለቤቱ ሁሉ እያሰማ መሆኑ አልገባቸውም።

«አትፍራ ልጄ። ይቺን ይዤ መሄድ አያቅተኝም።»

እሰይ የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ነበረች፣ ቀርባ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ ልትወጣ ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ሆነ፤ ድምፁም የእሱ አልመሰለውም፣ የቀጠነ የልጅ ድምፅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይተዉ። እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ? ቴምብሩ እኔ ጋ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም፣ መቼም እሳቸው ሆነው አያውቁም።»

ከቄራ አንድ መኪና ክላክስ አድርጎ አለፈ፣ ሕፃን የሆነ ቦታ ሳቀ። እማዬ፣ አለ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማ፣ ሩሐማ እማዬ ጉልበትሽ፣ ጉልበትሽን፣ ስትል ሰማ፣ ልብስ ወለል ላይ ሲጎተት ሰማ፣ ቀጥሎም የጋሼ ሃድጉን ድምፅ፣ ደንግጠው፣ ኧረ ምን ነካዎት፣ በቂርቆስ ይዤዎታለሁ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ይነሱ፣ ይነሱ እንጂ፣ እኔ ደግሞ ጉልበት የለኝም ላነሳዎት አልችልም። እናቱ የምትለው ነገር አይሰማም፤ ፊቷ ወደ መሬት ነው፣ ወይም እግራቸው ላይ ነው፣ ድምፅዋ ከዚያ ሥር እየታፈነ የሚመጣ አንድ ማጉረምረም ብቻ ነው። ይቅር ልትል ሄዳ ነበር። እሱ ስልኩን ይዞ በባዶ እግሩ ክፍሉ መሐል ቆሟል፤ ሊያነሳት እጁ ወደፊት ተዘርግቷል፣ የያዘው አየር ነው።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ቅጹ ያለው በዚሁ ስልክ ላይ ነው፤ ቅጹን ጨርሶ ወደ ሱፐርማርኬቱ ለመውረድ ስልኩን መዝጋት አለበት፣ ካልዘጋው ስድስት ሰዓት ሊያልፍበት ነው፣ እናቱን ወለል ላይ እንዳለች ግን እሱ ቀድሞ መዝጋት አልቻለም። ቆሞ ጠበቀ። የነጋዴውን ውሸት አጠፋው፤ ጥሪው ሳይቋረጥ እንዴት እንዳጠፋው አያውቅም። እዚያ ማዶ ሩሐማ ታለቅሳለች፣ ጋሼ ሃድጉ ውሃ ስጧት ይላሉ፣ የሱን ስም የሚጠራ የለም። በመጨረሻ ስልኩ ከተቀመጠበት ሲነሳ ተሰማው። የእናቱ ትንፋሽ ነው፣ ያውቀዋል፣ ያንን ትንፋሽ ከሁሉ በፊት ያውቀዋል።

«አለህ?»

«አለሁ እማዬ።»

«በል ላከው። መጀመሪያ ግን እሳቸው አለመሆናቸውን ጻፍ፣ ከዚያ ስምህን ጻፍና ፈርም።»

አለችና ዘጋችው። በሕይወቱ ከእሷ ጋር ባወራባቸው ስልኮች ሁሉ መጨረሻ ላይ የምትላት አንዲት ቃል ነበረች። ልጄ አላለችውም።